አንድ እጅ፣ አንድ ጨርቅ፦ የድንጋይ ጠረባ ማስታወሻ

የካቲት 9

ድንጋዩ ዛሬ ገባ። ርዝመቱ 45፣ ወርዱ 35፣ ውፍረቱ 14 ሳንቲ ሜትር ነው። ክብደቱ ወደ 50 ኪሎ ይጠጋል። ለሁለት ተሸክመን የሥራ ጠረጴዛው ላይ ስናሳርፈው ጠረጴዛው ሲጥ አለ። የአሸዋ ድንጋይ ነው። ግራጫ መልክ አለው፤ ብርሃን ሲያርፍበት ወደ ቢጫ ይሄዳል። በመዳፍ ሲዳሰስ እንደ ስኳር ይሻክራል።

ላለፉት ሁለት ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ የድንጋይ ጠረባ እየተማርኩ ነው። እስካሁን ፊደል፣ ቅጠልና አንድ ትንሽ መስቀል ጠርቤያለሁ። አሁን የምጀምረው ከዚያ ሁሉ ይከብዳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ እየጻፍኩት ልሂድ ብያለሁ።

መነሻዬ የምኖርበት የጀርመን ከተማ፣ ኑረምበርግ ውስጥ ያለ አንድ የመቃብር መታሰቢያ ነው። ቅዱስ ዜባልድ ከሚባለው ቤተ ክርስቲያን በስተምሥራቅ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት፣ በውጭው ግድግዳ ላይ ይገኛል። ያሠሩት የሽራየርና የላንዳወር ቤተሰቦች ናቸው። ከ1490 እስከ 1492 የጠረበው የከተማው ድንጋይ ጠራቢ አዳም ክራፍት ነው። (የታሪኩ ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የማስታወሻዬ ቀኖች በእኛ።) ጌታ መስቀሉን ተሸክሞ ሲሄድ፣ ስቅለቱ፣ ቀብሩና ትንሣኤው አንድ ላይ ይታያሉ። ሰው ከሰው ተደራርቧል። ያሠሩት ሀብታሞች ራሳቸው ከታች ተንበርክከዋል፤ ከቅዱሳኑ አጠገብ ሲታዩ ሕፃናት ያህላሉ።

ሦስት ዓመት ሙሉ በሥሩ አልፌያለሁ። ለካ የማልፈው ሁልጊዜ ማታ ከሥራ ስመለስ ነበር። ባለፈው መስከረም አንድ ቀን ጠዋት፣ 3 ሰዓት ግድም፣ በዚያ ሳልፍ ፀሐይ ከማዘጋጃ ቤቱ ጣሪያ በላይ ብቅ ብላ ግድግዳው ላይ አረፈች። ባለሁበት ቆምኩ። ማታ ማታ ጠፍጣፋ ይመስለኝ የነበረው ግድግዳ እጅ ቢሰዱት የሚያስገባ ሆነ። ከእያንዳንዱ የልብስ እጥፋት ሥር ድቅድቅ ያለ ጥላ ተኝቷል። አውቶቡሴ አመለጠኝ፤ ሌላም አመለጠኝ።

የምሠራው ቅጂ አይደለም፣ ጥናት ነው። ከቀብሩ ትዕይንት ተነሥቼ የመግነዙን ጨርቅ አንድ ጫፍና እሱን የጨበጠ አንድ እጅ እጠርባለሁ። ፊት የለበትም፣ አካል የለበትም።

የካቲት 12

ዛሬ ስለ አሠሪዎቹ ሳነብ አመሸሁ።

ዜባልድ ሽራየር በ1446 ተወልዶ በ1520 የሞተ ባለጸጋ ነጋዴ ነው። ከ1482 ጀምሮ የዚሁ ቤተ ክርስቲያን ኃላፊ ነበር። ካህን አልነበረም። ገንዘቡንና ሕንፃውን የሚጠብቅ ምእመን ነው፤ እኛ ዘንድ በሰበካ ጉባኤ እንደሚያገለግል ምእመን ዓይነት። ማቴውስ ላንዳወር ዘመዱ ነው። እሱም የናጠጠ ሀብታም ነበር። በኋላ አቅም ያጡ 12 ሽማግሌ የእጅ ባለሙያዎች የሚጦሩበት ቤት አቋቁሟል። ለዚያ ቤት ጸሎት ቤት ሠዓሊው አልብረሽት ዱረር በ1511 የሳለው የሥላሴ ሥዕል ዛሬ ቪየና ነው ያለው።

ከመቃብሩ በላይ ያለው ግድግዳ ላይ ቀድሞ የቀለም ሥዕል ነበረበት። ሥዕሉ እየደበዘዘ ሄደ። ሁለቱ ቤተሰቦች ተስማምተው በድንጋይ እንዲተካ ወሰኑ። ክራፍት የፈረመው ውል ደግሞ ያንኑ አሮጌ ሥዕል ተከትሎ እንዲሠራ ያስገድደዋል።

ይቺ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። አዲስ ነገር አምጣ አላሉትም፤ የነበረውን መልስልን ነው ያሉት። ግን ቀለም ጥላውን ራሱ ይዞ ይመጣል። ሠዓሊው ጥቁር ሲቀባ ጥላ ሆነ ማለት ነው። ድንጋይ ጠራቢ ጥላ መቀባት አይችልም። ቦታውን ቆፍሮ ፀሐይን መጠበቅ አለበት።

ሽራየር በዚያው ሰሞን ሌላም ሥራ ይዞ ነበር። በ1491 ከሚስቱ ወንድም ከዜባስቲያን ካመርማይስተር ጋር ሆኖ ለአንድ ግዙፍ የዓለም ታሪክ መጽሐፍ ገንዘብ አወጣ። መጽሐፉ በ1493 በአንቶን ኮበርገር ማተሚያ ቤት ታተመ። በ645 የእንጨት ቅርጾች ከ1,800 በላይ ሥዕሎች ታትመውበታል። በ1492 ደግሞ እዚሁ ከተማ የማርቲን በሃይም ሉል ተሠራ። እስከ ዛሬ ከተረፉት የምድር ሉሎች ሁሉ የሚቀድመው እሱ ነው። አሜሪካ የለችበትም። በዚያች ከተማ በእነዚያ ሁለት ሦስት ዓመታት ምን ዓይነት ጨዋታ ይደራ እንደነበር ሳስበው እቀናለሁ።

የካቲት 17

ጭቃ። ድንጋይ ከመንካቴ በፊት መጠኑን ጠብቄ በሸክላ ጭቃ መሥራት አለብኝ።

ለእጁ የራሴን ግራ እጅ ነው የማየው። አንድ የአልጋ አንሶላ ጠቅልዬ ጨበጥኩና ስልኬን ደግፌ ፎቶ አነሣሁ። ጨርቁ ደረቅ ሲሆን እጥፋቱ ይበዛል፣ ያምታታል። አርጥቤ ስሞክረው እጥፋቱ ቀነሰ፣ ያሉትም ወፈሩ። እርጥቡን መረጥኩ።

እጅ ከባድ ነው። ጣት ማለት የተደረደረ በትር ይመስለኝ ነበር። በጭቃ ስሠራው ነው የገባኝ። ጨርቅ የጨበጠ ጣት ከመሃሉ ይጎብጣል፣ ጥፍሩ ሥር ይነጣል፣ አውራ ጣት ለብቻው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። ሦስት ጊዜ አፍርሼ ሠራሁት።

የካቲት 23

ጄሶ ተፈሰሰ። ጭቃው ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ቅርጹን በጄሶ መገልበጥ ግድ ነው። ሌላ ልዩ ነገር የለውም። ጄሶው ሲቋጠር ይሞቃል፤ በዚህ ብርድ እጄን ጫን አድርጌ አሞቅሁበት።

የካቲት 30

ዛሬ የመጀመሪያው መሮ አረፈ። ጾም ከገባ አምስት ቀን ሆኖታል። ስለዚህ ጠዋት ቡና ብቻ።

መጀመሪያ ግን የድንጋዩን አልጋ መለየት ነበረብኝ። የአሸዋ ድንጋይ ደለል ነው። በውሃ ወይም በነፋስ የመጣ አሸዋ በንብርብር ተኝቶ፣ ተጭኖና ተጣብቆ ነው ድንጋይ የሆነው። ንብርብሩ እንደ መጽሐፍ ገጽ ነው። ድንጋዩን እንደተኛው አድርገህ ካላቆምከው ውርጭና ዝናብ ገጽ በገጽ ያወልቁታል። አስተማሪዬ ጎኑን በውሃ አራሰውና ጠብቅ አለኝ። ሲደርቅ ቀጫጭን መስመሮች ታዩ፤ ቶሎ የሚደርቀውና ቀስ ብሎ የሚደርቀው ተለየ። አንደኛው ጥግ ላይ ደግሞ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቡናማ ነጠብጣብ አየሁ። በጠመኔ አላከበብኳትም። ይህን ልብ በሉልኝ።

መሣሪያዎቼ፦ ለመናድ ሹል መሮ፣ ለማስተካከል ባለ ጥርስ መሮ፣ ለመጨረሻው ጠፍጣፋ መሮ። መዶሻው የእንጨት ነው፤ ክብ፣ እንደ ሙቀጫ ዘነዘና ራስ ያለ። የብረት መዶሻ ለዚህ ድንጋይ ይበዛበታል።

ልኬቱን ያለ ልዩ መሣሪያ ነው የምሠራው። ጄሶውንና ድንጋዩን ጎን ለጎን አደረግሁ። በሁለቱም ላይ በእኩል ከፍታ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ይጋደማል። ከእንጨቱ ወደ ታች አንድ የተሳለ ሽቦ አወርዳለሁ። ጄሶው ላይ 52 ሚሊ ሜትር ከወረደ፣ ድንጋዩም ላይ 52 እስኪደርስ እቆፍራለሁ። በእርግጥ 50 ላይ ነው የማቆመው። የተቀነሰ ድንጋይ አይመለስም።

አቧራው አደገኛ ነው። የአሸዋ ድንጋይ አብዛኛው ኳርትዝ ነው። ደቃቁ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፤ በዓመታት ውስጥ ሳንባን ጠባሳ ያደርገዋል። በድሮ ጊዜ ስንት ጠራቢ በዚህ እንደተቀጨ ማሰብ ያማል። እባካችሁ ቤታችሁ ጓሮ ድንጋይ የምትጠርቡ ካላችሁ ጥሩውን ጭምብል ግዙ፤ ወለሉን ከመጥረጋችሁ በፊት ውሃ እርጩበት።

መጋቢት 7

መናድ። አራት ሰዓት ሙሉ መናድ። ግራ ትከሻዬ ተቆልፏል።

መጋቢት 14

ዛሬ የሆነውን በደንብ ልጻፈው።

ድንጋዩን ለማዞር የሚያግዘኝ ሰው ፈልጌ ነበር። ከአዲስ አበባ ከመጣ ሰባት ወር የሆነው ልጅ አለ፣ ሥራ ቦታ ነው የተዋወቅነው። ጉልበተኛ ነው። ሥነ ጥበብ ብሎ ነገር አይቶ አያውቅም። ድንጋዩን አዙረን ስንጨርስ "ጋሼ፣ ምንድን ነው የምትሠራው?" አለኝ። አስረዳሁት። ዮሴፍና ኒቆዲሞስ ጌታን ገንዘው ሲያወርዱት፣ ጨርቁን የያዘው እጅ ይሄ ነው፣ ጨርቁ ደግሞ በዚህ በኩል ይወርዳል፣ እጥፋቱ እዚህ ጋ ነው... ዝም ብሎ ሰማኝ። ጄሶውንም ዞር ብሎ አየው። ከዚያ "ታዲያ ጨርቁ ውስጥ ሰው አለ?" አለ።

"አለ፣ አይታይም እንጂ።"

"ታዲያ ለምን አልከበደውም?"

መልስ አልነበረኝም። ጄሶውን እንደገና አየሁት። ልጁ እውነቱን ነው። እኔ አንሶላ ጨብጬ ፎቶ ያነሣሁት አንሶላው ባዶ ሆኖ ነው። እጥፋቶቹ ያምራሉ፤ ግን ልብስ ማስጫ ገመድ ላይ እንደተንጠለጠለ ጨርቅ ነው የሚወርዱት። አንድ የሞተ ሰው የተኛበት ጨርቅ እንደዚያ አይወርድም። ይወጠራል። እጥፋቱ ከጨበጠው እጅ ተነሥቶ ወደ ክብደቱ ይሳባል።

ክራፍትም እንዲህ ዓይነት ልማድ ነበረው። በ1547 ስለ ኑረምበርግ ባለሙያዎች ታሪክ የጻፈው የጽሕፈት መምህር ዮሐን ኖይደርፈር እንደሚለው፣ ክራፍት ረዳት አድርጎ የሚይዘው ጉልበተኛና ከሥራው የማይተዋወቅ ገበሬ ነበር። ለእሱም እንደ ትልቅ ባለሙያ አድርጎ ሁሉን ነገር ያስረዳው ነበር። ሳነበው የሰውየው ጠባይ ነው ብዬ ነበር ያለፍኩት። ዛሬ ግን ለምን እንደዚያ ያደርግ እንደነበር የገባኝ መሰለኝ። ሥራውን የማያውቅ ሰው ፊት ስታስረዳ ያልሠራኸው ነገር ይታይሃል።

ልጁን ምሳ ጋበዝኩት። ሽሮ ነበር።

መጋቢት 15

እሑድ። አዲስ ጭቃ አነሣሁ። ዛሬ አንሶላውን በአራቱም ጫፍ አንጠልጥዬ መሃሉ ላይ 25 ኪሎ ሩዝ ከነከረጢቱ አስቀመጥኩ። አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩት። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጣቶቼ ነጡ። ጅማቱ ከእጄ ጀርባ ተነሣ። ከጨበጥኩበት ቦታ አራት ጠንካራ እጥፋቶች ወጥተው ወደ ሩዙ ቀጥ ብለው ተሳቡ። ከሥራቸው አንድ ጥልቅ ጎድጓዳ ተፈጠረ።

ጎድጓዳዋን ሳያት ያ የመስከረም ጠዋት ትዝ አለኝ። ጥላው የሚተኛው እዚህ ነው።

ሥዕል እየሳልኩ እስኪመሽ ቆየሁ። ኖይደርፈር ሌላም ነገር ይነግረናል። ክራፍት፣ የነሐስ ሠሪው ፔተር ፊሸርና የመዳብ ሠሪው ዜባስቲያን ሊንደናስት አብረው ያደጉ ጓደኛሞች ነበሩ። ሸምግለው እንኳ በበዓል ቀን እየተገናኙ እንደ ተማሪ ሥዕል ይለማመዱ ነበር። ሳይበሉ ሳይጠጡ ይለያዩ ነበር ይባላል። ፊሸር ማለት እዚያው ቅዱስ ዜባልድ ውስጥ ያለውን ትልቁን የነሐስ መቃብር ከልጆቹ ጋር ከ1508 እስከ 1519 የሠራው ነው። እንዲህ ዓይነት ሰዎች በዓላቸውን ሥዕል በመለማመድ ያሳልፉ ነበር።

ማታ እማዬ ደወለች። ምን እየሠራህ ነው ስትለኝ የመቃብር ቅርጽ አልኳት። ድምፅዋ ተለወጠ። "የማን መቃብር? በል ተው፣ መቃብር በቤት አይጠረብም" አለች። ግንዘቱ መሆኑን ስነግራት ግን ዝም ብላ ቆየችና "እንግዲያው ጾመህ ሥራው" አለች። እየጾምኩ ነው አልኳት።

መጋቢት 21

አዲሱን ጄሶ ይዤ ተመለስኩ። ጥሩው ነገር፣ ድንጋዩ ላይ ገና ብዙ አልተቀነሰም ነበር። እጁን በሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ አነሣሁት። ጎድጓዳው ጄሶው ላይ ከላይኛው ገጽ እስከ ሥሩ 90 ሚሊ ሜትር ነው። ለ14 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ብዙ ነው። አስተማሪዬ ቁጥሩን አይቶ ቅንድቡን አነሣ፣ ግን አልከለከለኝም።

ጎድጓዳው አንድ ችግር አለበት። በቀኝ ግድግዳው በኩል ለቀኝ እጄ ይመቻል። በግራው በኩል ግን መሮውን ማዞር አልችልም፤ ክንዴ ከድንጋዩ ጋር ይጋጫል። ድንጋዩን እንዳላዞር ልኬቱ ይፋለሳል። በመጨረሻ መዶሻውን በግራ፣ መሮውን በቀኝ ያዝኩ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የቀኝ አውራ ጣቴን ስደበድብ ነበር። ከዚያ ቀስ እያለ መጣ። ስለ ክራፍት ከተጻፈው ሁሉ ብዙ ሰው እንደ ተአምር የሚያወራው በግራ እጁ ልክ በቀኙ እንደሚሠራ ነው። እዚህ ጎድጓዳ ውስጥ ተጎንብሼ ሳስበው ተአምር አይደለም። እንደዚያ ካልሠራህ ጥላ አይገኝም።

መጋቢት 28

የአውራ ጣቱ ጫፍ ተሰበረ።

ያቺ ቡናማ ነጠብጣብ። ከሥሯ ለስላሳ ጭቃ ነበር፤ አሸዋው በደንብ ያልተያያዘበት ኪስ። በባለ ጥርስ መሮ በቀስታ ነው የነካሁት። ድምፁ ተለወጠ። ጤነኛ ድንጋይ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ይሄኛው ዱብ አለ። ከዚያ የአውራ ጣቱ ጫፍ፣ ከነጥፍሩ፣ ወደቀ። ወለሉ ላይ አንሥቼ ብይዘው በጣቶቼ መካከል ዱቄት ሆነ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ከአራት ሳምንት በፊት አይቻታለሁ። በጠመኔ አክብቤ ሥዕሉን ከእሷ ማራቅ ነበረብኝ።

ማጣበቂያ አለ። ግን ዱቄት የሆነ ነገር ምኑ ይጣበቃል። አስተማሪዬ መጥቶ ቆመ። በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ለካና "9 ሚሊ" ብሎ ሄደ። ምን ማለቱ እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። አውራ ጣቱን ብቻ ወደ ኋላ ካስገባሁት የተቆረጠ ይመስላል። ግን እጁ በሙሉ፣ አምስቱም ጣት፣ የእጁ ጀርባ፣ የጨርቁም አፍ፣ 9 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ቢገባ አውራ ጣቱ ጤነኛ ድንጋይ ውስጥ ይገኛል። ማንም አያውቅም። ሦስት ሳምንት የሠራሁት ሁሉ እንደገና ይጠረባል ማለት ነው።

ሻይ ጠጣሁ። ከዚያ ሽቦውን በ9 ሚሊ አስረዘምኩት።

ሚያዝያ 5

የእጁ ጀርባ ገባ። ትንሿ ጣት ገባች።

ከሰዓት በኋላ ቅዱስ ሎሬንዝ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከቅዱስ ዜባልድ ወንዙን ተሻግሮ ነው፣ አሥር ደቂቃ በእግር። እዚያ ክራፍት ከ1493 እስከ 1496 የሠራው የቅዱስ ቁርባን ማስቀመጫ አለ። ቁመቱ ወደ 20 ሜትር ይጠጋል፤ ጫፉ ከጣሪያው ቅስት ጋር ሲገናኝ እንደ ተክል ሐረግ ይታጠፋል። ያሠራው ሃንስ ኢምሆፍ የሚባል ሌላ ሀብታም ነጋዴ ነው፤ የተዋዋሉበት ዋጋ 700 ጉልደን (የዚያ ዘመን ገንዘብ)። ድንጋዩ በጣም ስለቀጠነ፣ ክራፍት ድንጋይን አለስልሶ እንደ ሊጥ የሚያበጅበት ምስጢር ነበረው የሚል ወሬ ለብዙ ዘመን ተወርቷል።

እኔ የሄድኩት ከሥሩ ላለው ሰው ነው። ያንን ሁሉ ድንጋይ በትከሻቸው ከተሸከሙት መካከል አንዱ ክራፍት ራሱ ነው። ተንበርክኳል። ጢም አለው። የሥራ ልብስ ለብሷል። በእጆቹ መዶሻና መሮ ይዟል። አጠገቡ ተንበርክኬ እጁን አየሁ። መሮውን የያዘው እንደ እስክሪብቶ አይደለም፣ በሙሉ እጁ ነው፤ ግን አላጠበቀውም። እኔ ደግሞ በጣም አጥብቄ ነው የምይዘው፤ ለዚህ ነው ትከሻዬ የሚቆለፈው።

እሱ ሀብታም አልነበረም። በ1509 ሽቫባኽ በምትባል ትንሽ ከተማ ሞተ። ሽራየር በገንዘቡ ግድግዳ ላይ ቦታ አገኘ። ክራፍት ግን መዶሻውን ይዞ በሥራው ሥር ቦታ አገኘ። መጠኑም የሙሉ ሰው ነው።

ሚያዝያ 12

አውራ ጣቱ ወጣ። ጤነኛ ነው። ድምፁ ጥርት ያለ።

ሚያዝያ 18

ስቅለት ነው። መሮ አላነሣሁም። የጀርመኖቹ ስቅለት ባለፈው ሳምንት አርብ አልፏል፤ ስለዚህ ዛሬ ለከተማው ተራ የሥራ ቀን ነው። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ስሰግድ ዋልኩ። ጉልበቴን ያመኛል፣ ደስም ብሎኛል።

ወደ ማታ የዮሴፍና የኒቆዲሞስ ነገር ሲነበብ ከሌላው ጊዜ በተለየ ጆሮዬን ሰጠሁ። ኒቆዲሞስ የከርቤና የእሬት ቅልቅል መቶ ንጥር ያህል ይዞ መጣ ይላል። በዛሬ ሚዛን 30 ኪሎ ያልፋል። ስንት ጊዜ የሰማሁት ነገር ነው። ዛሬ ግን የሰማሁት በእጄ ነው። የአንድ ሙሉ ሰው ሬሳ፣ በላዩ ከ30 ኪሎ በላይ ቅመም። እኔ በ25 ኪሎ ሩዝ አንድ ደቂቃ አልቆየሁም።

ልጅ ሆኜ ላሊበላ ስንሄድ ቤተ ጎልጎታ ውስጥ ግድግዳው ላይ የተፈለፈሉትን ቅዱሳን አይቻለሁ። አባቴ እጄን ይዞ "የጌታ መቃብር" ብሎ ያሳየኝን የተጋደመ ምስልም አስታውሳለሁ። ጨለማ ነበር፤ በጧፍ ነው ያየነው። ጧፉ ሲንቀሳቀስ ቅዱሳኑ የሚተነፍሱ ይመስሉ ነበር። እዚያ ብርሃኑን የምትይዘው በእጅህ ነው። እዚህ፣ ውጭ ግድግዳ ላይ፣ ፀሐይዋ የምትመጣበትን ሰዓት ጠራቢው ማወቅ አለበት።

ሚያዝያ 26

በዓሉን አሳልፌ ተመለስኩ። የቀረው የጎድጓዳው ሥር ነው። ረጅም ቀጭን መሮ፣ ቀላል መዶሻ። ወደ ውስጥ ስለማላይ በድምፅና በጣት ነው የምሠራው። ትንሿን ጣቴን አስገብቼ ግድግዳውን እዳስሳለሁ። ከውጭ የሚታየው የእጥፋቱ ከንፈር ከ12 ሚሊ ሜትር በታች መቅጠን የለበትም፣ ይሰበራል።

እጁን በሞረድ ለሰስ አደረግሁት፤ በብርጭቆ ወረቀት ግን አልነካሁትም። መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ማለስለስ ነበር ሐሳቤ። ጣቶቹን ግን ከጨርቁ የሚለያቸው ነገር ያስፈልጋል። ስለዚህ ጨርቁ ላይ የባለ ጥርስ መሮው መስመሮች በተሳበበት አቅጣጫ እንዲቀሩ ተውኳቸው። ሸማ ላይ እንዳለው ክር ይመስላሉ። ከጥቂት እርምጃ ርቀት አይታዩም፤ ብርሃኑን ግን ይሰብሩታል።

አስተማሪዬ የመሥሪያ ክፍሉን መብራት አጠፋና በእጅ ባትሪ ከጎን አበራበት። ባትሪውን ቀስ ብሎ አዞረ። ጎድጓዳው አንዴ ጠቆረ፣ አንዴ ተከፈተ። "አውጣውና እየው" አለኝ፤ ሌላ አልተናገረም።

ግንቦት 3

ያን ልጅ ጠርቼ ድንጋዩን ወደ ግቢው አወጣነው። ግቢው በስተምሥራቅ ክፍት ነው። ከግድግዳው ጋር አስደግፈን፣ ቱምቢ ጥዬ ቀጥ አደረግሁት። ክራፍት ግድግዳ ላይ እንዳለው ሁሉ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደመና ነበር። ምንም አይታይም። ግራጫ ድንጋይ፣ ግራጫ እጅ። ልጁ ስልኩን ሲነካካ እኔ ግቢውን ጠረግሁ።

3 ሰዓት ከሃያ ላይ ተገለጠ። መጀመሪያ የጣቶቹ አንጓዎች በሩ፣ አንድ በአንድ። ከዚያ አራቱ እጥፋቶች ከጭብጡ ተነሥተው ወደ ታች ሲሳቡ ታዩ። ከሥራቸው ጎድጓዳው ጥቁር ሆነ። ያስቀመጥኩት 90 ሚሊ ሜትር ከውጭ ሲታይ መጨረሻ የለውም። የጨርቁ የታችኛው ጫፍ ወደ ድንጋዩ ጠርዝ ሄዶ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ የተጠረበ ነገር የለም። ግን ይከብዳል።

ልጁን አላናገርኩትም። ስልኩን ኪሱ ከተተ። ቀረብ ብሎ ጎንበስ አለ፤ መጀመሪያ እጁን፣ ቀጥሎ የጨርቁን ጫፍ፣ ቀጥሎ ምንም የሌለበትን ቦታ አየ። የራሱን ቀኝ እጅ ጨበጠና ዘረጋ።

"አሁን አለ" አለ።

ለእማዬ ፎቶ ላክሁላት። 4 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይዋ ወደ ቀኝ ዞራ ጥላው ከጎድጓዳው መውጣት ጀመረ። በጠመኔ ሁለት ቦታ ምልክት አደረግሁ፤ አንዱ ትንሿ ጣት ሥር፣ አንዱ ሦስተኛው እጥፋት ላይ። ከዚያ ብርድ ልብስ አልብሰን ወደ ውስጥ አስገባነው።